ያበበውን የፕሪም ዛፍ ለይቶ ስለ ማወቅ



በደጋው አገር ብርዱ አልፎ በልግ ሲቃረብ፣ ቅጠላቸውን አራግፈው የከረሙት የፍሬ ዛፎች ያብባሉ። ያን ጊዜ ፕሪሙም፣ ኮኩም፣ ፖሙም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። አለመለየት ግን ጉዳት አለው። «ፕሪሜ በየዓመቱ ያብባል፤ ፍሬ ግን አይዝም» ብሎ መጥረቢያ የሚያነሣ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ዛፉ በሽታ የለበትም፤ የጎደለው ጎረቤት ነው።

አብዛኛው የፕሪም ዓይነት በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ አይዝም። ንብ ከሌላ ዓይነት ፕሪም ብናኝ ልታመጣለት ይገባል። ኮክ ወይም ፖም አጠገቡ ቢያብብ አይጠቅመውም። ስለዚህ በጓሮው ያለው ሁለተኛው ዛፍ በእርግጥ ፕሪም መሆኑን በሚከተሉት ምልክቶች እወቁ።

አንደኛ፤ የፕሪም አበባ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው፤ የኮክ ግን ሮዝ ነው። ቀለም ብቻውን ግን አይበቃም።

ሁለተኛ፤ ፕሪም ከአንድ እምቡጥ ሁለት ሦስት አበባ ሊያወጣ ይችላል፤ እያንዳንዱም በቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል። የኮክ አበባ ግን ነጠላ ሆኖ ከቅርንጫፉ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፤ አንድ አበባ ቀጥፋችሁ በጥፍራችሁ ሰንጥቁ፤ በዚህ ምርት አይጎድልባችሁም። በመካከሉ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ ጉብታ የነገዋ ፍሬ ናት። ልሙጥ ከሆነች ፕሪም ነው፤ ጠጉር ካለባት ኮክ ነው። በፖም ግን ጉብታዋ ከአበባው በታች ትገኛለች።

ሁለቱም ዛፎች ፕሪም ቢሆኑ እንኳ፣ ከአንድ እናት ዛፍ የተዳቀሉ ከሆኑ እንደ አንድ ዛፍ ይቆጠራሉ። የፍሬው ቀለም ወይም የሚበስልበት ጊዜ የተለየ፣ አብሮም የሚያብብ ሌላ ዓይነት ፈልጉ፤ ከ20 ሜትር ሳይርቅም ትከሉ። ሉተር በርባንክ እ.ኤ.አ. በ1906 በካሊፎርኒያ ያወጣው ሳንታ ሮዛ የተባለው ፕሪም በከፊል በራሱ ፍሬ ይይዛል፤ እርሱም ቢሆን ጎረቤት ሲያገኝ ይበልጥ ያፈራል።

ለዘንድሮው ደግሞ መላ አለ። ከሌላ ዓይነት ፕሪም ያበቡ ቅርንጫፎች ቆርጣችሁ፣ ውሃ ባለበት ባልዲ ከዛፋችሁ ሥር አኑሩ፤ የቀረውን ንብ ትሠራዋለች። ለይታችሁ ባወቃችሁት ዛፍ ላይም ክር እሰሩበት፤ አበባው ከረገፈ በኋላ መለየቱ ያስቸግራልና።

እንግዲህ መጥረቢያ ከማንሣታችሁ በፊት አበባውን መርምሩ።