ስለ ድንጉላ ፈረስ የዘር ኀይልና ስለ ሊቁ ስለ ኢቫኖቭ ምርመራ



ባዝራ ሁለት ሦስት ዓመት ሳትወልድ ብትቀር ባለቤቷ መካን ናት ብሎ ወደ ገበያ ይነዳታል። ላምም እንደዚሁ መሲና ተብላ ትታረዳለች። ድንጉላውን ወይም ኮርማውን የሚጠረጥር ሰው ግን ጥቂት ነው። ወንዱ ጉልበቱ የጠና፥ አንገቱ የደነደነ፥ ለማጥቃትም የሚፋጠን ከሆነ ዘሩም ጤነኛ ነው ተብሎ ይታመናል። ነገር ግን ማጥቃትና ማስረገዝ ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን የከብት ሐኪሞች ምርመራ አስረድቷል። የአንዲት ባዝራ መካንነት አንድ ውርንጭላ ያስቀራል፤ የአንድ ድንጉላ መካንነት ግን የመንደሩን ባዝሮች ሁሉ ዓመቱን ባዶ ያስቀራል።

የሆላንድ ሰው ሌቨንሁክ በ1677 ዓ.ም. (ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) በመነጽር ሲመለከት በወንድ ዘር ውስጥ ጅራት ያላቸው ጥቃቅን ሕያዋን ሲዋኙ አየ። የኢጣልያው ቄስ ስፓላንዛኒም በ1780 ዓ.ም. የወንድ ውሻ ዘር ወስዶ በሴቲቱ ማኅፀን ቢያገባው፥ ከ62 ቀን በኋላ ሦስት ቡችሎች ወለደች።

ይህን ጥበብ ወደ ታላቅ ሥራ ያደረሰው ግን ኢልያ ኢቫኖቪች ኢቫኖቭ የተባለው የመስኮብ ሊቅ ነው። በ1870 ዓ.ም. ተወልዶ በካርኮቭ ከተማ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፥ በ1904 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ካገኘው ከሊቁ ከፓቭሎቭ ዘንድ በፒተርስቡርግ ሠራ። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት፥ የወንድ ዘር በመንገዱ ላይ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣው ፈሳሽ ካልተቀላቀለበት ሊያስረግዝ አይችልም ይሉ ነበር። ኢቫኖቭ ግን ይህን ፈሳሽ ያላገኘውን ዘር ራሱ ባዘጋጀው ውሕድ ውስጥ አድርጎ ለሴቶቹ ቢሰጣቸው ፀነሱ። ስለዚህ ፈሳሹ ለዘሩ ማጓጓዣ እንጂ የማስረገዝ ኀይሉ ምንጭ አለመሆኑ ታወቀ።

በ1901 ዓ.ም. ፈረሶች በዚህ ዘዴ የሚራቡበትን ጣቢያ አቋቋመ። አስቀድሞ በባዝራይቱ ብልት ውስጥ ንጹሕ ስፖንጅ ይደረጋል፤ ድንጉላው ካጠቃ በኋላ ስፖንጁ ወጥቶ ይጨመቃል፤ የተገኘውም ዘር ተከፋፍሎ ወደ ብዙ ባዝሮች ማኅፀን ይገባል። በተለመደው መንገድ አንድ ድንጉላ ከ20 እስከ 30 ባዝሮች ሲያስረግዝ፥ በኢቫኖቭ ዘዴ ግን እስከ 500 ይደርስ ነበር። የደኸየ ሰው እንኳ ከንጉሥ ፈረስ ዘር ውርንጭላ ለማግኘት የሚችልበት በር የተከፈተ ያን ጊዜ ነው።

በኋለኛው ዘመኑ ሰውንና ቺምፓንዚ የሚባለውን አውሬ ለማዳቀል በ1926 ዓ.ም. ወደ ጊኒ ሄደ፤ የማይገባ ሙከራ ነበር፥ አልሆነለትምም። በ1930 ዓ.ም. ታስሮ ወደ አልማ አታ ተጋዘና በ1932 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ዘርን ለብዙ ጊዜ ማቆየት ቻሉ፤ በ1949 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ግሊሰሪን የተጨመረበት የዶሮ ዘር በብርቱ ቅዝቃዜ ረግቶ ሲፈታ ሕያው ሆኖ ተገኘ። በአገራችንም በቃሊቲ የኮርማ ዘር የሚዘጋጅበት ጣቢያ ተቋቁሟል።

ለባላገር ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የወንዱ ዘር እንዴት እንደሚበላሽ ማወቅ ነው። ቆለጥ ከሆድ ውጭ ተንጠልጥሎ የሚኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘር የሚሠራው ከቀረው ሰውነት ጥቂት ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ነውና። ስለዚህ ድንጉላ ብርቱ ትኩሳት ቢይዘው ወይም ቆለጡ በምት ቢያብጥ ዘሩ ይጎዳል። የድንጉላ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ 57 ቀን ያህል ስለሚፈጅ፥ ፈረሱ ከሕመሙ ድኖ እየጋለበ ሳለ እንኳ ዘሩ ገና ላይጠና ይችላል። ባለቤቱም ይህን ባለማወቅ ባዝሮቹን ይወቅሳል።

ሌላም ክፉ ነገር አለ። በአርሲና በባሌ ደጋ ፈረሶችን የሚያጠፋው ዱሪን የተባለው በሽታ ከድንጉላ ወደ ባዝራ፥ ከባዝራም ወደ ድንጉላ በማጥቃት ይተላለፋል። ብልት ያብጣል፤ ሰውነት ይከሳል፤ በመጨረሻም የኋላ እግር ይደክምና እንስሳው ይወድቃል። ክትባት የለውም። ስለዚህ የከሳ ወይም ብልቱ ያበጠ ድንጉላ በኪራይም ሆነ በውለታ ወደ ሌላ መንደር ባዝሮች መሄድ የለበትም። በአንድ ድንጉላ የተጠቁ ባዝሮች ብዙዎቹ ሳይፀንሱ ቢቀሩ፥ አንዲቱም ከመሸጧ በፊት ድንጉላው ለከብት ሐኪም ይታይ፤ ትኩሳት ይዞት የነበረ እንደ ሆነም ሁለት ወር ካለፈው በኋላ እንደገና ይፈተን።