ማከምና ማስተማር



ማከም አንድ ሙያ ነው፤ ማስተማር ደግሞ ሌላ። በአገራችን በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሕንፃ በገንዘብ ይቆማል፤ መምህር ግን የሚበቃው በጊዜ ነው። መምህሩን ለሥልጠና ባሕር ማዶ ብንልከው፣ ተማሪው ያለ አስተማሪ፣ በሽተኛው ያለ ሐኪም ይቀራል።

ለዚህ ችግር አንዱ መፍትሔ የርቀት ትምህርት ነው። በፊላደልፊያ የተቋቋመው ፌይመር እ.ኤ.አ. በ2001 በጀመረው ሥልጠና፣ የሕክምና መምህራን ለአጭር ጊዜ ተሰብስበው ይማሩና ወደየአገራቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያም በኢሜይል እየተጻጻፉ፣ እያንዳንዳቸው በገዛ ትምህርት ቤታቸው አንድ የትምህርት ማሻሻያ በሥራ ያውሉ ነበር። ዘዴው ወደ ሕንድ፣ ወደ ብራዚልና ወደ ደቡባዊ አፍሪቃ ተዛምቷል።

«ሕክምና በሩቁ ይለመዳልን?» የሚል አይጠፋም። ቁስል መስፋትስ በእርግጥ በእጅ ነው። ነገር ግን ፈተናን በሚዛን ማውጣትና ተማሪን በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ሳያሳፍሩ ማረም፣ በርቀት ተምረው በማግስቱ በክፍል የሚሞክሩት ነገር ነው።

ስለዚህ ለሚማር መምህር ከሳምንቱ ሥራ ሰዓት ይቀነስለት። ከተረኝነት በኋላ በድካም የሚነበብ ትምህርት ፍሬ አይሰጥም። አስተማሪውን የማያስተምር ትምህርት ቤት የነገውን በሽተኛ ይበድላል።