ክራርንና ዑድን ከድሬዳዋ ሙቀትና አቧራ መጠበቅ

(በድሬዳዋ፣ ሳቢያን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ)



ድሬዳዋ የአንጋፋው ድምፃዊ የአሊ ቢራ የትውልድ ከተማ ናት። እርሳቸው ይጫወቱት የነበረው ዑድም ሆነ በየቤታችን የተሰቀለው ክራር በዚህ ቆላ አየር አንድ ጠላት አላቸው፤ እርሱም የሙቀትና የእርጥበት ድንገተኛ ለውጥ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያጣ ይኮማተራል፣ ሲያገኝ ያብጣል፤ ቆዳም ሲደርቅ ይወጠራል፣ ሲረጥብ ይላላል። ስለዚህ መሣሪያውን ከፀሐይና ከተዘጋ መኪና ማራቅ ከማንኛውም ጽዳት ይቀድማል።

ከተጫወትን በኋላ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እናራግፍ፤ አሸዋ የያዘ ጨርቅ እንጨቱን ይፍቃልና። ቀጥሎ የእጅ ላብን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ እንጥረግ። የክራሩን ቆዳና ቫርኒሽ ያልተቀባውን የዑድ ፊት ውኃ አናስነካ። አልኮል ቫርኒሽን ሊያሟሟ ይችላል፤ የምግብ ዘይትም ወደ እንጨቱ ሰርጎ አቧራ ይሰበስባል። የክራር አውታር ሲቀየር አንድ በአንድ ይሁን፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተፈቱ በእነርሱ ውጥረት የቆመው በርኩማ ይወድቃል።

አሮጌ መሣሪያን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ዳግም ቫርኒሽ መቀባት ግን ማደስ አይደለም። የሠሪው መሣሪያ አሻራና የተጫዋቹ ጣት ያለሰለሰው ቦታ ለተመራማሪ የጽሑፍ ያህል ማስረጃ ናቸው። አንዴ ከተፋቁ አይመለሱም።