በአውራ ጎዳና ዳር የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር



የማስተላለፊያ መስመር የሚቀይስ መሐንዲስ በካርታው ላይ አስቀድሞ የሚፈልገው አጭሩንና ቀጥተኛውን መንገድ ነው። ይሁን እንጂ ቀጥተኛው መንገድ እርሻ፣ ደንና መኖሪያ የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ ከባለይዞታዎች ጋር የሚደረገው ክርክር ማማ ከማቆሙ ሥራ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። መስመሩን አስቀድሞ በተከፈተ አውራ ጎዳና ዳር የማሳለፍ ሐሳብ የመነጨውም ከዚህ ችግር ነው።

የአሜሪካው የዊስኮንሲን ግዛት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ለአዲስ መስመር የቦታ ቅደም ተከተል ደንግጓል፤ ይኸውም በመጀመሪያ ነባር የአገልግሎት መስመሮች ያሉበት ቦታ፣ ቀጥሎ አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲድ ሲሆን፣ ፈጽሞ አዲስ ቦታ የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። ባጀር ኩሊ የተባለው 290 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የ345 ኪሎ ቮልት መስመርም በከፊል ከላክሮስ ወደ ማዲሰን የሚወስደውን አውራ ጎዳና ተከትሎ ተሠርቶ በ2018 ተጠናቋል።

የመንገድ መሐንዲሶች በበኩላቸው ሐሳቡን ለረጅም ዘመን ተቃውመዋል። በዚያው አገር ፌዴራሉ መንግሥት ጉዳዩን ለግዛቶች ውሳኔ የተወው በ1988 ነበር። ተቃውሞው ከንቱ አልነበረም። ከመንገድ የወጣ መኪና የብረት ምሰሶ ቢገጥመው የሚደርሰው አደጋ ግልጽ ነው፤ የጥገና ሠራተኞችም ተሽከርካሪ በሚከንፍበት መንገድ ዳር መቆም ይኖርባቸዋል።

ሽቦና መንገድ በባሕርያቸውም አይመሳሰሉም። መስመሩ 30 ዲግሪ ሲታጠፍ ማማው ሽቦው የተወጠረበትን ኃይል ግማሽ ያህል ወደ ጎን ይሸከማል፤ 60 ዲግሪ ሲታጠፍ ደግሞ ሙሉውን። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥምዝ ከባድ ማማና ሰፊ መሠረት ይጠይቃል። (የዓባይን በረሃ ቁልቁለት በመኪና የወረደ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ጎዳና ጥምዝ በጥምዝ የሚከተል መስመር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለመገመት አይቸገርም።) በረዷማ አገር ደግሞ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከተሽከርካሪ ጎማ እየተረጨ የሽቦ ማንጠልጠያ ሲኒዎችን ያቆሽሻል፤ ይህም ጅረቱ በሲኒው ገጽ ላይ ዘልሎ እንዲያልፍ ምክንያት ይሆናል።

እነዚህ ሁሉ ግን በስሌትና በገንዘብ የሚፈቱ ናቸው። ይበልጥ አስቸጋሪው ጥያቄ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣው ነው፤ ማለትም መንገዱ ሲሰፋ መስመሩን የሚያነሣው ማን ነው? የ345 ኪሎ ቮልት መስመር እንደ ስልክ እንጨት ተነቅሎ ማዶ የሚተከል አይደለም። አዲስ መሠረት ይቆፈራል፣ ኃይል የሚቋረጥበት ጊዜ ይፈለጋል፣ ወጪውም ዞሮ ዞሮ በኤሌክትሪክ ደንበኛው ወይም በግብር ከፋዩ ላይ ያርፋል። ከገበሬው ጋር ይደረግ የነበረው ክርክር በዚህ ጊዜ ወደ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ይዛወራል፤ ሁለቱም የሚከራከሩት በሕዝብ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ የመንገዱ መሥሪያ ቤት የወደፊቱን የማስፋፊያ ወሰን በካርታ ላይ ሳያሰምር፣ የማንሻው ወጪ ድርሻም በጽሑፍ ሳይፈረም፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ባይቆፈር ይመረጣል። ወሰኑ ከተሰመረ ማማዎቹን ከመጀመሪያው ጥቂት ሜትሮች ወደ ውጭ አርቆ መትከል ይቻላል፤ ለዚያች ጠባብ መሬት የሚከፈለው ካሳም መስመሩን ኋላ ከማንሣቱ ወጪ ጋር የሚወዳደር አይሆንም።