ስለ ሁለት ሊቃውንት ቃልና ስለ ቃል ባለቤት



«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ሁላችሁም ስትሰሙ ኖራችኋል። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን የደብረ ታቦርና የዙሪያዋ ሰው ይህን ተቀብሎ ዝም ከማለቱ በፊት ሁለት ሊቃውንትን ያስታውስ፤ የአንደኛው ቃል በአፍ ቀርቶ ሳለ አልተረሳም፥ የሁለተኛው ግን ተጽፎ ሳለ ወራሹ ጥቂት ነውና።

አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው። በልጃቸው በአለቃ ተክሌ ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም ከእርሳቸው የተገኘ ነው፤ የጣና ዳር ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው አካሄዱን እንዳሰቡት ይነገራል። በደንገል መወዛወዝ ውስጥ ምስጋናን ማየት ታላቅ የልቡና ሥራ ነው። ሕዝቡ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያስታውሰው ቀልዳቸውን ነው። ገበሬው በአውድማ፥ ቆሎ ተማሪው በጎጆው ያወራዋል። ከዚህም የተነሣ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ ወደ እርሳቸው ይጠጋል፤ ነውረኛው ቃል እንኳ «አለቃ እንዳሉት» ተብሎ ይነገራል። ይህ በሊቁ ላይ ግፍ ነው።

አለቃ ዘነብ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን (ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም.) የነበሩ ጸሐፊ ናቸው። ያ ዘመን ደብረ ታቦር የንጉሡ መቀመጫ የሆነችበት፥ በአጠገቧም በጋፋት መድፍ የተሠራበት ነው። የቀደሙት ነገሥታት ታሪክ በግዕዝ ሲጻፍ ኖሮ ሳለ፥ አለቃ ዘነብ የንጉሡን ታሪክ ሕዝቡ በሚናገረው በአማርኛ ጻፉት። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 በአሜሪካ አገር በፕሪንስተን አሳተመው። ሌላው ሥራቸው «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» ይባላል። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው፤ ኑሮና ሃይማኖት በአንድ ማዕድ ቀርበው፥ ያውም ጨዋታ ተብለው! ሆኖም በአውድማ «ዘነብ እንዳሉት» የሚል ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የገብረ ሐና ቃል ሲነገር ከነምክንያቱ ነው፤ ማን እንደ ተናገራቸው፥ በማን ቤት እንደ ነበሩ፥ ምን ብለው እንደ መለሱ አብሮ ይወራል። የዘነብ ቃል ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብለት ሰው ይጠብቃል። በጋይንት በቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ተማሪ ቃሉን ከነምልክቱ ያጠናል፤ ምልክቱን የጣለ ቃሉን ቢያውቅም አያዜምም። የቅኔ ቤት ሰውም ይህን አይስተውም፤ ቅኔው ተይዞ የተነገረበት ነገር ቢጠፋ፥ ሰሙ ይቀራል፥ ወርቁ ይቀበራል።

እንግዲህ ተማሪ ከአያቱ የሰማውን ቃል ይዞ ሲመጣ፥ መምህሩ ቃሉን ብቻ አይጻፍ። የተናገረው ማን ነው? ለማን? በየትኛው ቀበሌ? በሠርግ ነው፥ በለቅሶ ነው፥ ወይስ በርስት ክርክር? ስለ ቤትና ስለ ትዳር የሚነገረው ብልህ ቃል ብዙው ከሴቶች አፍ የወጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን «አባቶች እንዳሉ» ተብሎ ያልፋል። አያቲቱ ከተናገረችው በስሟ ይጻፍላት።

ሽማግሎችም በእርጋታ ይጠየቁ፤ የሰሙትን ከገመቱት ለይተው ይንገሩ። ሁለት ሽማግሎች አንዱን ቃል ለሁለት ሰው ቢሰጡት፥ መምህሩ ሁለቱንም ከነነጋሪያቸው ጽፎ ይለፍ እንጂ በመካከላቸው ዳኛ አይሁን።