ሽንትና ሰገራ ስለሚያመልጣቸው ተማሪዎች
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ መድረክ ላይ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ መንገድ መናገር የተለመደ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ነገር ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል፣ በአደባባይም ብዙ ጊዜ የማይነገር ነው፤ ይኸውም ዕድሜያቸው ለትምህርት ከደረሰ በኋላ ሽንት ወይም ሰገራ የሚያመልጣቸው ልጆች ጉዳይ ነው። ነገሩ የወላጅና የሐኪም ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ እኛ የምንነድፈው ሕንፃ ለችግሩ መነሻም መፍትሔም ሊሆን ስለሚችል፣ በመሐንዲሶች ፊት ማቅረቡ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። በቋንቋችን «ሽንታም» የሚለው ቃል አልጋው ላይ የሚሸናውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ፈሪንም ለመስደብ ያገለግላል። እንግዲህ ልጁ ሳይመረመር በቃሉ ብቻ ተፈርዶበታል ማለት ነው፤ ሽንቱ ያመለጠው በስንፍናው ወይም በፍርሃቱ እንደሆነ ተቆጥሯል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ይህን ችግር ልጁ የሚደብቀው ግን እኛ ስለምንሰድበው ነው።

ታዲያ እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው? ነገሩን በሙያችን ቋንቋ ብናየው፣ የሽንት ፊኛ አንድ ማጠራቀሚያ ነው፤ መጠን አለው፣ መዝጊያ አለው፣ መሙላቱን ለአንጎል የሚያስታውቅ ምልክትም አለው። ሐኪሞች የልጅን ፊኛ መጠን ለመገመት የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ የልጁን ዕድሜ በዓመት ወስዶ አንድ መደመርና በ30 ማባዛት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ፊኛ በዚህ ስሌት 240 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ከአንድ የ300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ያነሰ ነው።

በሌሊት የሚያመልጠው ሽንት ከሦስት ነገሮች ይመነጫል። የአንዳንዱ ልጅ ኩላሊት በሌሊት ከመጠን በላይ ሽንት ያመነጫል፤ ምክንያቱም ሽንትን የሚቀንሰው ሆርሞን በሌሊት በሚገባ አይጨምርም። የአንዳንዱ ፊኛ የሌሊቱን ሽንት ሊይዝ አይችልም። የአንዳንዱ አንጎል ደግሞ ምልክቱ ቢደርሰውም ከእንቅልፍ አይቀሰቅሰውም። ሦስቱም በልጁ ፈቃድ የሚሆኑ አይደሉም። ሰባት ዓመት ከሞላቸው መቶ ልጆች ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት አልጋቸውን ያረጥባሉ፤ ከእነዚህም በየዓመቱ ከመቶ 15 ያህሉ ያለ ምንም ሕክምና ይተዉታል። ነገሩ በዘርም ይሄዳል፤ ሁለቱም ወላጆች በልጅነታቸው አልጋ ያረጥቡ ከነበረ፣ ከአራት ልጆቻቸው ሦስቱ ያህል እንደዚያው ይሆናሉ። ስለዚህ ልጁን ለመምታት እጁን ያነሣ አባት አስቀድሞ ስለ ራሱ ልጅነት እናቱን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ለእኛ ሙያ የሚስብ ታሪክም አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ፋውንድለር የተባለው የሕፃናት ሐኪም፣ አንሶላ ሲረጥብ የኤሌክትሪክ ዑደት ተገናኝቶ የሚደውል መሣሪያ አዘጋጀ። ዓላማው አስታማሚዎቹ አንሶላውን ቶሎ እንዲለውጡ ማስታወቅ ብቻ ነበር። ነገር ግን ደወሉ በተደጋጋሚ ሲጮኽ ልጆቹ ማረጠባቸውን መተው ጀመሩ። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ሞውረር የተባሉ ባልና ሚስት ይህንኑ ለሕክምና አዋሉት። ዛሬም ደወሉን ለሁለትና ለሦስት ወራት በትዕግሥት ከሚጠቀሙት ልጆች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ይደርቃሉ። አንድ ቀላል የኤሌክትሪክ ዑደት ዱላና ስድብ ያላደረጉትን አደረገ ማለት ነው።

የቀኑ ችግር ግን ከዚህ ይለያል፤ እኛንም ይበልጥ የሚመለከተን እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመያዝ ነው። ልጁ አንድ ቀን ሲቀመጥ አሞት ይሆናል፤ ወይም የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ ቤት ፈርቶት ይሆናል፤ ስለዚህ ሰገራውን ይይዛል። የተያዘው ሰገራ በትልቁ አንጀት መጨረሻ ተጠራቅሞ ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ሲቆይ የአንጀቱ ግድግዳ ተለጥጦ ስሜቱ ይደክማል። በዚያን ጊዜ ቀጭኑ ሰገራ በደረቀው ዙሪያ ሾልኮ ልብስ ያቆሽሻል፤ ልጁም አይሰማውም። ወላጆች ተቅማጥ መስሏቸው የሚያደርቅ መድኃኒት ቢሰጡት ችግሩን ያብሱታል። የተወጠረው አንጀት ጎረቤቱን ፊኛውንም ስለሚጫን ሽንቱም ያመልጣል። በ1980ዎቹ በካናዳ በሞንትሪያል ኦሬጋን የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ ሽንት የሚያመልጣቸውን ልጆች የሆድ ድርቀት ብቻ በማከም የብዙዎቹ ሽንት ማምለጥ እንደቆመ አሳይተዋል።

ስለሆነም የሚረዳው መንገድ የታወቀ ነው። በመጀመሪያ ልጁን ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል፤ በተለይም ሲሸና የሚያቃጥለው፣ የሚጠማውና የሚከሳ፣ እግሩ የሚደክም፣ ወይም ለስድስት ወር ያህል ደርቆ ከቆየ በኋላ ዳግመኛ የጀመረው ከሆነ ጊዜ አይሰጠውም። የደረቀው ሰገራ በሐኪም ትእዛዝ ከወጣ በኋላ የሚያለሰልሰው መድኃኒት ለወራት ይቀጥላል፤ ልጁ ስለተሻለው ብቻ በሳምንቱ ማቋረጥ መልሶ ወደ ነበረበት ይጥለዋል። ከምግብ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚንቀሳቀስ፣ ከቁርስና ከእራት በኋላ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳይቸኩል ይቀመጥ፤ መቀመጫው ከፍ ያለ ከሆነ እግሩ የሚያርፍበት በርጩማ ይደረግለት። ውኃውን ቀኑን ሙሉ አከፋፍሎ ይጠጣ፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱም ይሽና። አትክልት፣ ፓፓያና ቤታችን የምናውቀው ተልባ ይረዱታል። ከሁሉ በላይ ልጁ የሚመሰገነው ስለ ደረቀ ሳይሆን ስለ ተቀመጠ ይሁን፤ መቀመጥ በእጁ ነው፣ መድረቅ ግን በእጁ አይደለም። መምህሩም በምስጢር ተነግሮት፣ ልጁ እጁን አውጥቶ ሳይለምን እንዲወጣ ቢፈቅድለት፣ በቦርሳውም ቅያሪ ልብስ ቢኖር ግማሹ ጭንቀት ይቀልለታል።

ነገር ግን ሐኪሙ «በየሦስት ሰዓቱ ሽና» ብሎ ቢያዝ፣ ልጁ የሚሸናበት ቦታ ከሌለ ትእዛዙ ምን ይጠቅማል? የእኛ ድርሻ ከዚህ ይጀምራል።

ቀላል ስሌት እናድርግ። 1,000 ተማሪዎችና 10 የመጸዳጃ ክፍሎች ያሉት ትምህርት ቤት አለ እንበል። ዕረፍቱ 20 ደቂቃ ነው፤ አንድ ልጅ ገብቶ ለመውጣት ሁለት ደቂቃ ቢፈጅበት በዕረፍቱ ጊዜ መግባት የሚችሉት 100 ልጆች ብቻ ናቸው። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ብቻ ሽንት ወጥሯቸዋል ብንል እንኳ 400 ልጆች ሳይሸኑ ወደ ክፍል ይመለሳሉ። ከእነዚህም ወደ ኋላ የሚገፉት ትንንሾቹ ናቸው፤ ፊኛቸውም ትንሹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመዘኛ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንድ ተማሪዎች ደግሞ አንድ መጸዳጃና አንድ የመሽኛ ቦታ እንዲኖር ይመክራል።

ቁጥሩ ብቻ ግን አይበቃም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዛሬዪቱ ዚምባብዌ በብሌር የምርምር ጣቢያ የተፈለሰፈውን ባለ አየር ማውጫ መጸዳጃ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዝንቦቹ ብርሃን ፍለጋ በቧንቧው ወደ ላይ ወጥተው በወንፊቱ እንዲያዙ፣ ውስጡ ጨለም ማለት አለበት። ለዝንቡ የሚበጀው ጨለማ ግን ለሰባት ዓመት ልጅ የሚያስፈራ ነው፤ ለአዋቂ የተቆረጠው ሰፊ ቀዳዳ ሲጨመርበት ልጁ እወድቃለሁ ብሎ ይሰጋል። እዚህ ላይ ነው መሐንዲስ የሚያስፈልገው። ለትንንሾቹ ጠበብ ያለ ቀዳዳና በግድግዳው ላይ የእጅ መያዣ ማድረግ፣ መግቢያውን ጠመዝማዛ አድርጎ ለዘብ ያለ ብርሃን ማስገባት፣ ግድግዳውን ነጭ መቀባት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ውኃ ባለበት ደግሞ የውኃ መዝጊያ ያለው መቀመጫ ቢሠራ ጨለማው ጭራሽ አያስፈልግም።

ለጣሪያ ጥገና ግምት ለማውጣት በሄድሁበት አንድ ትምህርት ቤት፣ በሚገባ የተሠራ መጸዳጃ ቤት ተቆልፎ አየሁ። ቁልፉ በቢሮ ይቀመጥ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ «እንዳይቆሽሽ ነው» የሚል መልስ ተሰጠኝ። በእርግጥም ንጹሕ ነበር፤ ንጹሕ የሆነው ግን ልጅ ስለማይገባበት ነው። በዚያው ቀን አንዲት መምህርት፣ ክፍል ውስጥ ሽንት ያመለጠው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ በጓደኞቹ ስድብ ምክንያት ትምህርቱን ትቶ መቅረቱን ነገረችኝ። በእኛ የርክክብ ሰነድ ቢታይ ያ መጸዳጃ ቤት «ሥራው ተጠናቋል» የሚባል ነው። ለዚያ ልጅ ግን አልተሠራም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የትምህርት ቤት ንድፍ ስናወጣ የመጸዳጃው ቁጥር ከበጀት በተረፈው ሳይሆን ከተማሪው ብዛትና ከዕረፍቱ ርዝመት ይሰላ። ሁለተኛ፣ የትንንሾቹ መጸዳጃ ለመማሪያ ክፍላቸው ቅርብ፣ ከውስጥ የሚዘጋ ወይም ከዕይታ የተከለለ፣ የእጅ መታጠቢያ ያለው ይሁን። ሦስተኛ፣ በርክክብ ጊዜ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማንስ እንደሚያጸዳ አብሮ ይጻፍ፤ ከተቻለም ልጆቹ ራሳቸው ገብተው ያዩትን እንዲነግሩን ይጠየቁ።

ልጁን ማከም የሐኪም፣ ማበረታታት የወላጅና የመምህር ሥራ ነው። ሳይፈራና ሳያፍር የሚገባበት በር ማዘጋጀት ግን የእኛ ነው።