በበረዶ ላይ ዳንስ የጥበብ መለኪያ እንዴት ተለወጠ?



በረዶ ሲባል ለእኛ ትዝ የሚለን በክረምት ቆርቆሮውን እየደበደበ ወርዶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀልጦ የሚጠፋው ነው። በሰሜን አገሮች ግን ብርዱ ሐይቁን እንደ ድንጋይ ስለሚያጠነክረው፣ ሕዝቡ በጫማው ሥር ስለታም ብረት አስሮ መንሸራተትን ከጥንት ጀምሮ ለምዶታል። ከዚህ ልማድ ከተወለዱት ስፖርቶች አንዱ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሙዚቃ እየተመሩ የሚያደርጉት የበረዶ ላይ ዳንስ ነው። ዛሬ ስለዚህ ዳንስ የምንናገረው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ስላለ ነው፤ ይኸውም የሰውን ጥበብ ያለ አድልዎ በቁጥር መመዘን ይቻላልን? የሚል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

በ1860ዎቹ ዓመታት ጃክሰን ሄይንስ የተባለ አሜሪካዊ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ፣ በቪዬና ከተማ መንሸራተትን ከሙዚቃና ከዳንስ ጋር አዋሐደ። የቪዬናም ሕዝብ በአዳራሽ የሚጨፍረውን ቫልስ በበረዶ ላይ ይጨፍረው ጀመር። በ1930ዎቹ ደግሞ በእንግሊዝ አገር እንደ ሬጂናልድ ዊልኪና ዳፍኒ ዋሊስ ያሉ ሰዎች የታንጎንና የፓሶ ዶብሌን የመሳሰሉ ዳንሶች ለበረዶ እንዲስማሙ አድርገው ቀመሩ። ቅማሬውም ጥብቅ ነበር። የጫማው ብረት የውስጥና የውጭ ጠርዝ ስላለው፣ እያንዳንዱ እርምጃ በየትኛው ጠርዝ፣ በስንተኛው የሙዚቃ ምት፣ በሜዳው በየትኛው ሥፍራ እንደሚረገጥ ተወስኖ ተጻፈ።

የመጀመሪያው ይፋዊ የዓለም ሻምፒዮና በ1952 ዓ.ም. በፓሪስ ሲደረግ ያሸነፉት እንግሊዛውያኑ ጂን ዌስትዉድና ሎረንስ ዴሚ ነበሩ፤ እስከ 1955 ድረስም በተከታታይ አራት ጊዜ ድሉን ወሰዱ። በዚያ ዘመን ዳኛው በተለይ የሚመለከተው እግርን ነበር። ሴቲቱን በተዘረጋ ክንድ ከራስ በላይ ማንሣትና ወደ ላይ መወርወር ጥንድ ሁኖ መንሸራተት ለሚባለው ለሌላው ውድድር የተተወ ስለሆነ፣ የዳንሰኞች ክብር ከእርምጃቸው ጥራትና ከምት አጠባበቃቸው የሚመነጭ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሶቭየት ኅብረት ዳንሰኞች የባሌትንና የቴአትርን መንፈስ አመጡ። ሉድሚላ ፓክሆሞቫና አሌክሳንደር ጎርሽኮቭ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፤ ዳንሱ በ1976 ዓ.ም. በኢንስብሩክ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር ሲሆንም የወርቁን ሜዳይ የወሰዱት እነርሱ ናቸው።

በ1984 ዓ.ም. በሳራዬቮ ኦሊምፒክ እንግሊዛውያኑ ጄን ቶርቪልና ክሪስቶፈር ዲን የራቬልን ቦሌሮ ይዘው ቀረቡ። ሌሎች ዳንሰኞች የተለያየ ፍጥነት ያላቸውን ሙዚቃዎች ሲቀጣጥሉ፣ እነርሱ ቀስ በቀስ እየጋለ የሚሄድ አንድ ዜማ ብቻ መረጡ። ሙዚቃው ግን ከተፈቀደው ጊዜ ጥቂት ይረዝም ነበር። በዚያን ጊዜ ሰዓት መቈጠር የሚጀምረው የጫማው ብረት በረዶውን ሲነካ ስለ ነበረ፣ ዳንሱን ተንበርክከው ጀመሩና ደንቡን ሳይጥሱ ሙዚቃቸውን አዳኑ። ለኪነ ጥበባዊ ገጽታው ዘጠኙም ዳኞች ከፍተኛውን ነጥብ፣ ማለት 6.0 ሰጧቸው።

ዳሩ ግን ይኸው ለቶርቪልና ለዲን ክብር የሆነው የነጥብ አሰጣጥ ጉድለት ነበረበት። ዳኛው የዳንሱን ሁሉ ዋጋ በሁለት ቁጥር ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ ለምን 5.7 እንደ ሰጠ፣ የትኛው እርምጃ እንደ ጐደለ አይገለጽም። ምክንያቱ ካልታወቀ ደግሞ ሐሜት ይከተላል። በ1998 ዓ.ም. በናጋኖ ኦሊምፒክ አንድ የበረዶ ዳንስ ዳኛ የተወዳዳሪዎችን ደረጃ አስቀድሞ ሲናገር በስልክ ድምፁ ተቀድቶበት ለአንድ ዓመት ታገደ። በ2002 ዓ.ም. በሶልት ሌክ ሲቲ ደግሞ በጥንዶች ውድድር የተነሣው የዳኝነት ቅሌት ዓለምን ስላነጋገረ፣ አሮጌው መለኪያ እንዲሻር ተወሰነ።

በ2004 ዓ.ም. በጸደቀው ደንብ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይመዘናል። ለምሳሌ ትዊዝል የሚባለውን ብንወስድ፣ ሁለቱ ዳንሰኞች በአንድ እግር ወደ ፊት እየተጓዙ እንደ እንዝርት የሚሽከረከሩበት ነው። አዙሪታቸው አንድ ዐይነትና በአንድ ጊዜ መሆን ይገባዋል። የቴክኒክ ባለሙያዎች አስፈላጊ ሲሆን ፊልሙን መልሰው እያዩ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጡታል፤ ዳኞች የአፈጻጸሙን ጥራት ይጨምሩበታል ወይም ይቀንሱለታል። የወደቀ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል። በዚህም የተሸነፈው ሰው በየትኛው እርምጃ እንደ ተበለጠ በወረቀት ላይ አንብቦ ለመረዳት ቻለ።

ይሁን እንጂ አዲሱ ደንብ ሁለት ችግር ይዞ መጣ። አንደኛው፣ ዳኞችን ከተጽዕኖ ለመጠበቅ ሲባል የትኛው ዳኛ የትኛውን ነጥብ እንደ ሰጠ መሰወሩ ነው። ስሙን የማይጽፍ ዳኛ ተጠያቂ ለመሆን ስለማይችል፣ ይህ አሠራር በ2016 ዓ.ም. ቀረ። ሁለተኛው የበለጠ የረቀቀ ነው። አራተኛ ደረጃ የሚያስገኘው አቋም በደንቡ ተዘርዝሮ ስለ ተቀመጠ፣ ብዙዎች ያንኑ አቋም እየተከተሉ ዳንሳቸው እንደ አንድ እናት ልጆች ተመሳሰለ። ጥንታውያኑ የግዴታ ዳንሶችም በ2010 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ውድድር መሆናቸው አበቃ።

መፍትሔው ደንቡን መልሶ ማፍረስ አልሆነም። ይልቁንም ደረጃ የማይሰጣቸው፣ ዳንሰኛው በራሱ ፈጠራ የሚያቀርባቸውና ዳኛው በጥራታቸው ብቻ የሚመዝናቸው ክፍሎች ተጨመሩ። በ2022 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ፈረንሳውያኑ ጋብሪዬላ ፓፓዳኪስና ጊዮም ሲዜሮን በ226.98 ነጥብ ሲያሸንፉ፣ እርጋታ የተመላበት ዳንስ በጥብቅ ቈጠራ ውስጥም ሊከበር እንደሚችል አሳይተዋል።

አድማጮች ሆይ! በመሥሪያ ቤት የሰውን ሥራ የሚመዝን ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ምክንያቱ ያልተጻፈ ፍርድ፣ እውነተኛ ቢሆን እንኳ፣ አይታመንም። ቅጹን መሙላት ብቻ የሚያስመሰግን ሲሆን ደግሞ ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ቅጹን ያገለግላል። ስለዚህ መዛኙ ስሙንና ምክንያቱን በግልጽ ይጻፍ፤ ነገር ግን በዝርዝሩ ያልታሰበ መልካም ሥራ ሲያጋጥመው የሚያሰፍርበት ባዶ መስመርም በወረቀቱ ላይ ይተው።